ሰው የማይቆይባት ከተማ፣ ሰው የማይገናኝባት ከተማ

የስራ ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ተምሬ የወጣሁባት፣ ከተመረቅኩ በኋላም ተቀጥሬ የቆየሁባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ መልሳ ጠርታኛለች። ደሞዙ እዚህ ዋና ከተማው ውስጥ ከማገኘው ያንሳል። እህቴ ስትሰማ «ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲመጣ አንቺ ወደዚያ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ይገባኛል። ግን ነገሩ በደሞዝ ብቻ የሚወሰን አልሆነልኝም። ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ትንሿ ከተማ ውስጥ ጊዜን የሚቆጥረው ዩኒቨርሲቲው ነው። ትምህርት ሲከፈት መንገዱ ስልካቸው ላይ ካርታ እያዩ በሚሄዱ ልጆች ይሞላል። ፋይናል ሲደርስ ካፌው ሁሉ ላይብረሪ ይሆናል። እረፍት ሲገባ ደግሞ አውቶቡሱ ራሱ ይቀንሳል፣ ብዙ ሱቆች ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ተማሪ ያልሆነው ሰው ሳይቀር፣ ጸጉር አስተካካዩም ቧንቧ ሰራተኛውም፣ «ከምዝገባ በኋላ»፣ «ፈተና ሳይጀመር» እያለ ነው ቀጠሮ የሚይዘው።

የሌሎቹም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ጠባይ ይኸው ነው። የቤልጂጓ ሉቨን ውስጥ አርብ ከሰዓት ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ባቡር ጣቢያ ይተማል፣ ቅዳሜና እሁድን ቤተሰቡ ጋ አሳልፎ እሁድ ማታ ይመለሳል። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ደግሞ ስቴት ኮሌጅ የምትባል ከተማ አለች። ስሟም ኑሮዋም ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ የከተማዋ ነዋሪ ግን 40,000 ገደማ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2020 ኮሮና ካምፓሶችን ሲያዘጋ እንዲህ ያሉ ከተሞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭር አሉ። ያን ጊዜ የታየው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም፣ በየዓመቱ እረፍት ሲመጣ የማየው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ሰዉ መቼ እንደሚመለስ አለመታወቁ ነበር።

የምረቃ ሳምንት ያለውን ነገር ያላየ ሰው ያቺን ከተማ አያውቃትም። ተማሪው የኪራይ ቤቱን በአንድ ሰሞን ይለቃል። የእግረኛ መንገዱ ላይ ፍራሽ፣ ወንበር፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ አንድ እግሩ የላላ ጠረጴዛ ይደረደራል። አንዳንዱ ዕቃ ላይ «ይሰራል፣ ውሰዱት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። አሁን ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ከዚያ የተገኘ ነው፣ ጠርዙ ላይ የማላውቀው ልጅ በእስኪርቢቶ የሰራው የሒሳብ ቀመር እስካሁን አለቀቀም። መንገዱ ላይ ከተደረደረው ዕቃ ጎን ደግሞ ወላጆቻቸው መኪና ይዘው የመጡላቸው ልጆች ተቃቅፈው ይላቀሳሉ።

እኔ እዚያ ሳለሁ የከበደኝ ይሄ ነው። ተማሪ ሆነሽ ስትሰናበቺ አንቺም ሂያጅ ነሽ፣ ሁሉም እኩል ነው። ስራ ይዘሽ ስትቀሪ ግን በየዓመቱ የምትሸኚው አንቺ ብቻ ነሽ። ጎረቤትሽ ይመረቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሽው የምትሮጪው ልጅ ለዶክትሬት ሌላ አገር ይሄዳል፣ ኮንትራቱ ያለቀ መምህር ቤቱን ለቆ ይወጣል። ወዳጅነቱ እውነተኛ ነው፣ ግን ገና ከመጀመሪያው የሚያበቃበት ቀን ይታወቃል። የሚመጡት ደግሞ ሁሌም አንድ ዕድሜ ላይ ናቸው። እነሱ አያረጁም፣ አንቺ ግን ታረጂያለሽ። ሰላሳን ስሻገር አንድ ካፌ ውስጥ ከተቀመጡት ሁሉ ትልቋ እኔ መሆኔን አይቼ ደንግጫለሁ።

ታዲያ ለምን ትናፍቀኛለች?

ሳይቀጣጠሩ መገናኘት ስላለ ነው። ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ቆይቼ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መንገድ ላይ የላይብረሪ ሰራተኛዋ ትይዘኛለች፣ ከእሷ ጋር ቆመን ሳለ የኬሚስትሪው መምህር ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ ማታ ስለሚሰጥ ንግግር ይነግረንና ተያይዘን እንሄዳለን። የምሄድበትን ርዕስ አላውቀውም። ስለ ወፎች ፍልሰት፣ ስለ አሮጌ ካርታዎች፣ ስለ ብድር ወለድ፣ ምንም ሊሆን ይችላል። በነጻ ነው፣ በእግር አስር ደቂቃ ነው፣ ጥያቄ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ያጠና ሰው ነው። ዋና ከተማም ውስጥ ንግግር ሞልቷል፣ እንዲያውም ይበዛል። ግን እዚያ ለመድረስ የሚወስደውን ሳስብ እቀራለሁ።

ዋና ከተማ ውስጥ ቀኑን የሚበላው መንገዱ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው የት እንደሚኖር ስጠይቅ መልሱ የሚነገረኝ በሰዓት ነው፣ «አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ መንገዱ ካልተዘጋ»። የምወዳት የልጅነት ጓደኛዬ በዚሁ ከተማ ሌላኛው ጫፍ ትኖራለች። በዓመት የምንገናኘው እኔ ትንሿ ከተማ እያለሁ እሷ ልትጠይቀኝ ትመጣ ከነበረው ያነሰ ነው። ያን ጊዜ ስትመጣ አድራ ነበር የምትሄደው፣ ሌሊቱን ስንጫወት እናነጋ ነበር። አሁን «በዚህ ሳምንት እንገናኝ» እንባባላለን፣ ሳምንቱ ያልፋል፣ አንዳችን ይደክመናል፣ ይቅርታ እንጠያየቃለን። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው ከስራ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ለሌላ ሰው የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም።

ግን ዋና ከተማን ማሳነስ አልፈልግም፣ ብዙ ሰጥታኛለች። አባቴ ሲታመም ልዩ ሐኪሙ፣ መሳሪያው፣ መድኃኒቱ ሁሉ እዚህ ነበር። ፓስፖርቱ፣ ኤምባሲው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እዚህ ነው። ማርክ ጀፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ሰው ገና በ1939 በብዙ አገሮች አንዷ ከተማ ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ገዝፋ እንደምትገኝ ጽፎ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህች ከተማ ዋና ከተማዋ ናት። ፓሪስና ዙሪያዋ ብቻ 12 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርበታል፣ ከፈረንሳይ ሕዝብ አንድ ስድስተኛ ያህል ማለት ነው። ሰው እዚያ የሚከማቸው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ስራው፣ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ ስለተከማቸ ነው።

በተለይ ስራ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ዋናው ቀጣሪ አንድ ነው። ከአለቃሽ ጋር ካልተስማማሽ ወይ ትችያለሽ ወይ ከተማውን ትለቂያለሽ። ሁለት ባለሙያዎች ከተጋቡ ደግሞ አንዱ ስራ ሲያገኝ ሌላው ቤት ይቀመጣል፣ ወይም ከችሎታው በታች የሆነ ነገር ይይዛል። በዚህ የተነሳ ስንቱ ጥሩ መምህር ለቆ ሲሄድ አይቻለሁ። ዋና ከተማ ውስጥ ባለቤቴ ከአንድ መስሪያ ቤት ሲለቅ ሌላ ለማግኘት ቤት መቀየር አላስፈለገውም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰው ቀና ብሎ እንዲሰራ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሌላው ማንም ሳያውቅሽ መኖር ነው። ትንሿ ከተማ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ማዕረግ እንደተከለከለ ሳይውል ሳያድር ይወራል፣ የተወራበት ሰው ደግሞ በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ያጋጥምሻል። እዚህ ሐዘን ደርሶብኝ አውቶቡስ ውስጥ ሳለቅስ ማንም አልጠየቀኝም። ያን ቀን መጠየቅ አልፈለግኩም ነበር፣ ስለዚህ ደስ ብሎኛል። ዕድሜም አለ። እዚህ አንድ ፎቅ ላይ ሕጻንም፣ ጡረተኛም፣ አዲስ ተጋቢም አለ። ሰው መሆን የተማሪነት ዘመን ብቻ እንዳልሆነ በየቀኑ በደረጃው ላይ አየዋለሁ።

የቤት ኪራይን ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንሽ ከተማ ስለሆነ ርካሽ ይመስለዋል። አከራይ ግን ቤቱን በክፍል በክፍል ለአራት ተማሪ ካከራየው፣ አንድ ደሞዝ ያለው ቤተሰብ ከአራት የወላጅ ኪስ ጋር ነው የሚወዳደረው። ቤቱም የሚያዘው ለሚመጣው ዓመት ከወራት በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲው የከተማዋን ሰፊ መሬት ይይዛል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት በሚጠቀሙበት ንብረት ግብር አይከፍሉም። መንገዱንና የእሳት አደጋ መኪናውን ግን እኩል ይጠቀማሉ። ነዋሪው ይህን ሲያይ ቢከፋው አልፈርድበትም።

ይህ ቅሬታ የቆየ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ በ1355 በአንድ መጠጥ ቤት በወይን ጠጅ ጥራት የተነሳ ጭቅጭቅ ከተማውንና ተማሪውን አጋጭቶ ቀናት የቆየ እልቂት ሆነ። 63 ተማሪዎችና መምህራን እንደተገደሉ ይነገራል፣ ከነዋሪውም ብዙ ሰው ሞቷል። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው ወገኑ፣ በከተማው ገበያ ላይም ሥልጣን ሰጡት። የከተማው ሹማምንት ደግሞ በየዓመቱ በነፍስ ወከፍ አንድ ፔኒ፣ በድምሩ 63 ፔኒ እየከፈሉ ንስሐ እንዲገቡ ተፈረደባቸው። ልማዱ የቀረው በ1825 ነው። ከ400 ዓመት በላይ! ካምብሪጅም የተጀመረው በ1209 ከኦክስፎርድ ሕዝብ ጋር ተጋጭተው በሸሹ ምሁራን ነው። ስለዚህ ከካምፓሱ አጥር ማዶ ያለውን ሰው ሳያውቁ እዚያ መኖር ይቻላል ብዬ አላምንም። ተማሪ ሳለሁ ከአከራዬ በቀር የከተማውን ተወላጅ አላውቅም ነበር፣ ተቀጥሬ ስቀር ነው እነሱን ያወቅኳቸው። በየዓመቱ ሸኝቼ ስመለስ እዚያው የማገኛቸው እነሱ ነበሩ። የክሊኒኳ ነርስ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ጡረታ ወጥተው አበባ የሚተክሉት ጎረቤቴ። እሳቸው ከአንድም ተማሪ ጋር ተጣልተው አያውቁም፣ የሁሉንም ስም ግን ይረሳሉ፣ እኔን ብቻ በስሜ ይጠሩኛል።

እሄዳለሁ መሰለኝ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እሱን የሚያስጨንቀው ያው ያልኩት የስራ ነገር ነው፣ ልክም ነው። መስሪያ ቤቱ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከቤት እንዲሰራ ከፈቀደለት በቀሩት ቀናት በባቡር መመላለስ እንደሚችል ነግሮኛል። ካልፈቀዱለት አልሄድም፣ እሱን ስራ አሳጥቼ የማገኘው ጊዜ ደስ አይለኝም። እኔ በበኩሌ ከተፈቀደለት የምፈልገውን አውቄዋለሁ። ከካምፓሱ አጠገብ ሳይሆን ነዋሪው በሚበዛበት ሰፈር ቤት፣ በእግር ስራ የምሄድበት። አዲስ የሚመጡትን ልጆች አሁንም እወዳቸዋለሁ፣ ሲሄዱም አለቅሳለሁ። ብቻ ማታ የማንኳኳው በር የሚቀረው ሰው በር እንዲሆን እፈልጋለሁ።

መልስ እስከ ወር መጨረሻ መስጠት አለብኝ። ባለቤቴ ሰኞ አለቃውን ያናግራል። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ጋ ደውዬ በሳቸው ሰፈር የሚከራይ ቤት ካለ እንዲጠይቁልኝ ለምኛቸዋለሁ፣ ተማሪው ለሚመጣው ዓመት ሳይሻማው።