በወር በ23 ወደ አራዳ

እማዬ ተወልዳ ያደገችው ፒያሳ ነው። የሰፈራችን ቤቶች ሲፈርሱ እኛ ገላን ደረሰን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ አየሩም ንጹህ ነው። ግን ወር በገባ በ23 ጠዋት ገና 12 ሰዓት ሳይሆን ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ጊዮርጊስን ሳትሳለም አትውልም።

እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ነው የምንሄደው። መጨረሻው ምኒልክ አደባባይ ስለሆነ አንዴ መቀመጫ ካገኘች ሐሳብ የለብኝም።

ከጣቢያው ስንወጣ መጀመሪያ የሚታየው የምኒልክ ሐውልት ነው፤ አባ ዳኘው በፈረሳቸው ላይ። የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ አስነሳው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ድሮ ገበያውም እዚሁ ጊዮርጊስ ሥር ነበር፣ ወደ መርካቶ ያዛወረው ያው ጣሊያን ነው። ስማችንን ግን ትቶልን ሄደ፤ ፒያሳ ማለት በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። እማዬ ግን ዛሬም «አራዳ» ነው የምትለው።

የካቲት 23 ሲሆንማ ሌላ ነው። የ1888ቱ የአድዋ ድል የዋለው በጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ሁለቱ በዓላት ይገጥማሉ። ከበሮው፣ ሽለላው፣ ጎፈር ያጠለቁ ሽማግሌዎች፣ ባንዲራ የለበሱ ልጆች፣ ጧፍ የሚሸጡ እናቶች፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነው፤ ሰው ከሰው ተጣብቆ መላወሻ ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ የእማዬን እጅ ጥርቅም አድርጌ እይዛለሁ። የአድዋ መታሰቢያ ሙዚየም በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ሰዉ ጨምሯል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ተራውን 23 ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ ጥግ የድሮ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አንዷ ከኮዬ ፈጬ፣ አንዷ ከቱሉ ዲምቱ፣ አንዷ ከየካ አባዶ። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ሰዎች አሁን ለመገናኘት ሦስት ታክሲ ይይዛሉ። ሲተያዩ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይሳሳቃሉ። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ወለደች፣ ዕድሩ ምን ሆነ፣ ሁሉም እዚያው ቆመው ይወራል። በፊት እኔ ቶሎ እንሂድ እያልኩ እነዘንዛት ነበር። አሁን ዝም ብዬ ሐውልቱ ሥር እቀመጣለሁ። ሰፈራችን ያለው እነዚህ ሰዎች የቆሙበት ቦታ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ስንለያይ የመጪውን 23 ድፎ ማን ያመጣል ተባለ። እማዬ ማንንም ሳታስጨርስ «የኔ ነው» አለች። ዱቄቱን ትናንት አስፈጭቻለሁ።