ሱዶ ያልከፈተው ፎልደር

ጎንደር ውስጥ ጥር ሲመጣ ቪዲዮ ቤቶች እንቅልፍ የላቸውም። ጥምቀት አለፈ ሲባል ሠርጉ ይጎርፋል፤ ጾም ሳይገባ ሁሉም መሞሸር ይፈልጋል። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ነክ ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ። የቀኑን ቀረጻ ሌሊት ከዶክመንትስ ፎልደር ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ የትእዛዝ ፋይል፣ ጽፌላቸው አሮጌው ማክ ላይ ያለ ችግር ሲሠራ ኖሯል። ዘንድሮ አዲስ ማክ ገቡ፤ ስክሪፕቱን ኤዲተሩ ራሱ አዛወረው።

ጠዋት ባለቤቱ ደወሉ። «ዲስኩ ባዶ ነው፤ የትናንቱ ሠርግ ጠፋ ማለት ነው?»

አልጠፋም። በማውስ ሲከፈት ቪዲዮው ሁሉ ቁጭ ብሏል። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል ላይ ግን የፎልደሩን ዝርዝር እንዲያወጣ ኤልኤስ ስል «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ»፣ አልተፈቀደም፣ አለኝ። ትእዛዙን በሙሉ ሥልጣን የሚያሠራውን ሱዶ ጨመርኩበት፤ ያው ነው። ኤዲተሩ ከኋላዬ ሆኖ «ሲኤችሞድ ሰባት ሰባት ሰባት እንበለው?» አለ፤ ፋይሉን ለማንም ክፍት የሚያደርግ ትእዛዝ ነውና እጁን ያዝኩት። የፋይሉ ፈቃድ ችግር ቢሆን ኖሮ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ነው የሚለው። በሱዶ ሩት፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የበላይ አዛዥ፣ ሆነህም «ኖት ፐርሚትድ» ካለህ የከለከለህ ሌላ አካል ነው።

ካታሊና ከተባለው የማክ ሲስተም ወዲህ፣ በፈረንጆቹ 2019 ማለት ነው፣ ማክ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ዳውንሎድስንና ተነቃይ ዲስኮችን ለብቻቸው ይጠብቃል። የሚጠይቀው «ማነህ?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው ፕሮግራም ነህ?» ብሎ ነው። ጥያቄውንም አንዴ ብቻ ያቀርባል። እምቢ ከተባለ ድጋሚ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይከለክላል።

«ማታ ስሞክረው የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ነበር» አለ ኤዲተሩ። «ሥራ ላይ ስለነበርኩ አትፍቀድ ብዬ ዘጋሁት።»

ልጁን አልፈርድበትም። ሠርግ እየቆረጠ ያለ ሰው መስኮት ብቅ ሲልበት ይዘጋዋል። ጥበቃውንም አልጠላውም፤ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም ሁሉ የሰው ዶክመንት እንዳያገላብጥ መከልከሉ ደግ ነው። የሚያናድደኝ መልእክቱ ወዴት መሄድ እንዳለብህ አንዲት ቃል አለመናገሩ ነው።

ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲና ሴኩሪቲ፣ ፋይልስ ኤንድ ፎልደርስ፤ ተርሚናል ሥር ዶክመንትስንና ተነቃይ ዲስኩን አበራሁ። ተርሚናሉን ጨርሶ ዘግቼ ስከፍተው ዝርዝሩ ወረደ።

ተገላገልን ስንል በማግስቱም ዲስኩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌሊት ስክሪፕቱን የሚያስነሳው ክሮን የሚባለው፣ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስጀምር ፕሮግራም ነው፤ ለተርሚናል የተሰጠ ፈቃድ ለክሮን አይሆነውም። ለእሱ ፉል ዲስክ አክሰስ መስጠት ይቻላል። ክሮን የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ፋይል መምረጫው ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና ጂ ተጭኖ አድራሻውን መጻፍ ነው። ግን ያን ጊዜ በክሮን የሚነሳ ማንኛውም ስክሪፕት ዲስኩን ሙሉ ማንበብ ይችላል። ይህንን ለባለቤቱ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«የሰው ሠርግ እኮ ነው። ማንም በሌለበት ሁሉን የሚከፍት ነገር ቤቴ አልፈልግም።»

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ማታ ልጁ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ያስነሳው» አልኳቸው።

ኤዲተሩ ወደ ሰዓቱ አየ። «ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?»