አረፋው የት ሄደ?

እሳት አጥፊ ነኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ሰው ወደ እኔ ዞሮ «እናንተማ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» ይለኛል። እናያለን። ግን አካባቢን በመበከል እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም።

ጀማሪ ሳለሁ የነዳጅ እሳት ልምምድ ነበረን። ነጩ አረፋ ጉልበታችን ድረስ ይመጣል፣ እንደ ልጅ እንራጨው ነበር። ሲያበቃ ውሃ ለቀን ወደ ቦይ መሸኘት ነው፤ በቃ! የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ለካ የዚያ ዘመን አረፋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒፋስ የሚባሉ፣ ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ነበሩ። አፈርና ውሃ ውስጥ ከገቡ በቀላሉ አይበሰብሱም። አንደኛው፣ ፒፎስ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በቀላሉ የማይበሰብሱ ጎጂ ኬሚካሎችን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ገደብ ተጣለበት።

አሁን ከፍሎሪን ነፃ የሆነ አረፋ አለ። «እንደ ድሮው አይደለም» እያሉ የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ አጠቃቀሙ ይለያል፣ እጅ እስኪለምደው ያስቸግራል።

የደን እሳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ጓንቴን አውልቄ የእጄን ጀርባ ወደ አፈሩ አስጠጋለሁ። ሥር ውስጥ የተደበቀ ፍም ካለ ሙቀቱ ይነግረኛል። ድርቁ በበረታ ቁጥር ይሄ ፍለጋ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ ከ15 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጥሏል። ያንን በውሃ ቱቦ ብቻ የሚችለው የለም። ስለዚህ ደረቁን ቅጠልና ጭራሮ ቀድሞ ማንሳት ይሻላል ባይ ነኝ።

አለቃዬ «ሥራ ልታሳጣን ነው እንዴ?» ብሎ ይስቅብኛል። ባለፈው ልምምድ ግን አረፋው የታጠበበትን ውሃ በታንከር ያስቀዳው ራሱ ነው።