ከጠቅላላው ቁጥር በታች ያሉት መስመሮች

የኮሌስትሮል ውጤት የተቀበለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጠቅላላው ላይ ነው። ከ200 በታች ከሆነ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ከበለጠ ይደነግጣል። ይህ ነገር ስለሚያሳስበኝ፣ ለማስላት እንዲመቹ ራሴ ያወጣኋቸውን ሁለት ውጤቶች ዛሬ ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር።

አንደኛው፦ ጠቅላላ 210፣ ኤችዲኤል («ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል) 65፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላ በደም ውስጥ ያለ የቅባት ዓይነት) 100። ሁለተኛው፦ ጠቅላላ 190፣ ኤችዲኤል 32፣ ትራይግሊሰራይድ 290።

በጠቅላላው ካየነው ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉን ስንቀንስ ግን ለአንደኛው 145፣ ለሁለተኛው 158 ይቀራል። ይህ ቀሪ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ሊከማች የሚችለውን ኮሌስትሮል ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) ላይ ሲደረስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ላብራቶሪዎች አይለኩትም፣ ያሰሉታል፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። በዚህ ስሌት አንደኛው 125፣ ሁለተኛው 100 ይወጣል። መቶን ያየ ሰው ይረጋጋል፤ ነገር ግን ትራይግሊሰራይድ ከፍ ሲል ስሌቱ ኤልዲኤልን አሳንሶ የማውጣት ጠባይ አለው። ከ400 በላይ ሲሆን ጭራሹን አይሠራም፤ በቀጥታ መለካት ይገባል።

ትራይግሊሰራይድን ደግሞ የትናንት ማታ ጠጅም፣ ያልተስተካከለ የስኳር በሽታም ያንረዋል። «ጾመው ይምጡ» ከተባለ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው እንጂ የጾም ምግብ መብላት አይደለም። ሽሮም፣ ስኳር ያለው ቡናም ይቆጠራል። በዐቢይ ጾም ማብቂያ የተወሰደ ኤልዲኤል ከሥጋና ከቅቤ ርቆ የከረመ ሰው ውጤት ስለሆነ ከወትሮው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከፋሲካ ሳምንታት በኋላ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር ይህ ይታሰብ። ከባድ ኢንፌክሽንም ለጊዜው ያወርደዋል።

ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገር የመጣ ውጤት 5.4 ቢል አያስገርምም፤ በሚሊሞል በሊትር ነው። በ38.67 ሲባዛ 209 ገደማ ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ ግን የሚባዛው በ88.57 ነው። 2 የነበረውን በ38.67 ያባዛ ሰው 77 አግኝቶ ይደሰታል፤ ትክክለኛው 177 ነው፣ ከጤናማው ወሰን ከ150 በላይ።

ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ «ምግብ ላስተካክልና ልየው» ብሎ መክረም አይገባም። በቤተሰብ የሚወረስ ሊሆን ይችላል፤ የታይሮይድ ማነስም ከፍ ስለሚያደርገው አብሮ ይመርመር። ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን) የጀመረ ሰው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራውን ይደግማል። ቁጥሩ ወርዶ ሲያይ «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን እንዳያቆም፤ ያወረደው ክኒኑ ነው፣ ሲቋረጥም በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።