የሞተ ሞተር አያስፈራኝም

አገር ቤት ትራክተር ሲባል ዓይን ላይ ድቅን የሚለው የአርሲንና የባሌን የስንዴ ማሳ የሚያርሰው ግዙፉ ማሴ ፈርጉሰን ነው። አሜሪካ ላይ ግን ጋራዥ ጥግ ቆሞ አቧራ የሚጠጣ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ የትራክተር ልጅ የሚመስል ሌላ ዘር አለ። የአትክልት ትራክተር ይሉታል። ሣር ብቻ ከሚያጭደው ተሽከርካሪ ጋር መምታታት የለበትም። ሣር ማጨጃው ከስስ ላሜራ የተሠራ ነው። የአትክልት ትራክተሩ ግን ወፍራም የብረት ሻሲ አለው፣ የኋላ ካምቢዮውም በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ማረሻ ይጎትታል፣ በረዶ ይገፋል፣ አፈር ይቆፍራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩትን ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ቆይተው ዛሬም የሚሠሩበት ምክንያት ወዲያው ይገባዋል።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ገዢዎች በተደጋጋሚ ሲሳሳቱ ስለማይና ስለሚቆጨኝ ነው። ሰው አዲስ ቀለም ያየበትን በውድ ይገዛል፣ ሞተሩ የማይነሣውን ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። እኔ ተቃራኒውን እመርጣለሁ። የማይነሣ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚድን በሽታ ነው። የጠፋ ዕቃና የተበላ ብረት ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ምሳሌዬ ከብ ካዴት ነው፤ ከሁሉም በደንብ የማውቀው እሱን ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ላይ እያመረተ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ አቀረበው። የመጀመሪያው ባለ 7 ፈረስ ጉልበት የኮለር ሞተር ያለው ሲሆን ኃይሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው በቺንጋ ነበር። እስከ 1963 ድረስ 65,000 ያህሉ ተሠርቷል። ቀጥለው የመጡት 70 እና 100 ቺንጋውን ጥለው በዘንግ መንዳት ጀመሩ። ከ1965 እስከ 1967 የተሠራው 123 ደግሞ ማርሽ የማይቀያየርበት፣ በዘይት ግፊት የሚነዳ የመጀመሪያው ከብ ካዴት ሆነ። በ1981 የምርት ስሙ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1974 የተሠሩትን ቁጥሩን በማንበብ ብቻ መለየት ይቻላል። ባለ ሦስት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የፈረስ ጉልበቱን ይነግራሉ። የመጨረሻው አኃዝ ተጋማሽ ከሆነ ባለ ማርሽ ነው፣ ጎዶሎ ከሆነ ባለ ዘይት ነው። 124 ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ባለ ማርሽ፣ 125 ባለ 12 ባለ ዘይት፣ 149 ባለ 14 ባለ ዘይት ማለት ነው። እንደ 71፣ 72 እና 73 ያሉት ባለ ሁለት አኃዞቹ ግን ሁሉም ባለ ማርሽ ናቸው። ሻጩ "ይህ ባለ ዘይት ነው" እያለ ቁጥሩ 106 ከሆነ፣ ወይ ኮፈኑ ከሌላ ትራክተር መጥቷል፣ ወይ ሰውየው የሚሸጠውን አያውቅም። በሁለቱም በኩል ዋጋው ላይ መነጋገር ይገባል።

ስለ ዋጋ እንዲህ አስባለሁ። ማሽኑ ሙሉ ነው ወይ? ሣር ማጨጃው ገበታ (ከሥሩ የሚንጠለጠለው፣ ቢላዎቹ ያሉበት ክፍል) አብሮት አለ? ገበታውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ፑሌዎችና ማንጠልጠያዎችስ? ከሞተሩ ፊት ያለው የማጨጃው ፍሪሲዮን በቦታው አለ? እነዚህን አንድ በአንድ ለብቻ ፈልጎ መግዛት ሲደማመር ከትራክተሩ ዋጋ ያልፋል። ማረሻ፣ የበረዶ መግፊያ ሰሌዳ ወይም የኋላ አፈር መቆፈሪያ አብሮ ካለ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። የኤሊ ፍጥነት የሚሰጠው ተጨማሪ ማርሽ ከተገኘበትማ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፣ ሻጩ ራሱ ሳያውቀው ተገጥሞ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ፓራፋንጎው ሥር በዝገት የተበሳ፣ ኮፈኑ የተቀደደ ከሆነ ግን ቅናሹ ትልቅ መሆን አለበት፤ የላሜራ ሥራ ሰዓት ይበላል። ወቅትም ይወስናል። ሣር በሚበቅልበት በሚያዝያ ሁሉም ገዢ ነው፣ በኅዳር ግን ሻጩ ጋራዡን ለማስለቀቅ ይቸኩላል።

ለማየት ሲኬድ የእጅ ባትሪ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ጨርቅና አንድ ካቻቪቴ ይበቃሉ። በመጀመሪያ ካንዴላው ይፈታና ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ከዞረ ጥሩ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ይወጣል፤ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡሬተሩ እያንጠባጠበ ነው ማለት ነው። ከዚያ የኋላውን ካምቢዮ ዘይት ማየት ያስፈልጋል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ለዚህ ካምቢዮ የተሠራው ሃይትራን የሚባለው ዘይት ውሃን ወደ ውስጡ እንዲይዝ የተዘጋጀ ነው። ውሃው ለዓመታት ቆይቶ ክረምት ላይ በረዶ ከሠራ ግን የውስጥ ክፍሎችን ሊሰብር ይችላል። ባለ ዘይቱ ሞዴል 6.6 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ማጣሪያውም አብሮ መቀየር አለበት። የሞተር ዘይት አይተካውም።

ባለ ዘይቱ ላይ አንድ የታወቀ በሽታ አለ፣ ልቤም እዚህ ላይ ይቆማል። የፍጥነት እጀታውን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው ትሩኒየን የተባለ ቁራጭ ሁለት ስንጥቆች አሉት። በዘመናት ንዝረት ስንጥቆቹ ይሰፋሉ። ያኔ ትራክተሩ ዜሮ ላይ ሆኖም ይንፏቀቃል፣ ዳገት ላይ ፍጥነቱን ይጥላል። ብዙ ሰው "ፓምፑ ሞቷል" ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቁራጩን አውጥቶ የተበሉትን ጠርዞች በብየዳ መሙላት፣ ከዚያ በሞረድ ወደ ቀድሞ ስፋታቸው መመለስ፣ ከታች ያለውን ሞላም አዲስ ማድረግ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገዢ ይህን ካወቀ ሌላው የጣለውን ጤነኛ ማሽን ይወስዳል።

በባለ ማርሹ በኩል የሚደክመው ፍሪሲዮኑ ነው። የፍሪሲዮኑን የመግፊያ ሰሌዳዎች የሚያዞሩት ፒኖች ቀዳዳቸውን ያሰፋሉ፣ ዘንጉም ሰሌዳዎቹ በተቀመጡበት ቦታ ይበላል። ፔዳሉ ተረግጦ ማርሽ ሲገባ ከጮኸ ወይም ትራክተሩ ከተንፏቀቀ ምክንያቱ እዚያ ነው። ሲገጠም በመልቀቂያው ክንድና በኩሽኔታው መካከል 1.3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መተው አለበት። ክፍተት ከሌለው ኩሽኔታው ያለ እረፍት እየዞረ በአንድ ወቅት ውስጥ ይቃጠላል። ከ1974 እስከ 1979 የወጡትንና "ዝምተኞቹ" የሚባሉትን ሞዴሎች የሚመለከት ሰው ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠበትን የጎማ ትራስ ይመርምር። ጎማው ሲሰምጥ ሞተሩ ያዘነብላል፣ ከዚያ የዘንጉ መገናኛዎች ተራ በተራ ይሰበራሉ። መገናኛውን ብቻ የቀየረ ሰው በወራት ውስጥ ደግሞ ይቀይራል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። የእነዚህ ትራክተሮች ሞተር፣ ኮለር ኬ የሚባለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው፤ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል፣ ለዚህ ነው የማልፈራው። ፒስተኑ ከነከሰ (ከተጣበቀ) በካንዴላው ቀዳዳ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ሞልቶ ቀናት መጠበቅ ነው። እኩል የአሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ድብልቅ በደንብ ይሠራል፣ ግን ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ርቆ። ካልተላቀቀ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይፈታና ፒስተኑ በጠንካራ እንጨት ቀስ እያለ ይመታል። ብረት በቀጥታ ፒስተን ላይ አይውልም፤ ቮላኖም (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) በመዶሻ አይወርድም፣ መጎተቻ አለው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትላልቆቹ ሞተሮች ሲነሡ እንዲቀልላቸው ቫልቮላውን ትንሽ የሚከፍት መሣሪያ ካምሻፍቱ ላይ አላቸው። በሞተሪኖ አዙሮ ዝቅተኛ ቁጥር ያየ ሰው "ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል" ይላል። ቮላኖውን በተቃራኒው አቅጣጫ በእጅ ማሽከርከር ይሻላል፣ በዚያ በኩል መሣሪያው አይሠራም። ጠንክሮ ከመለሰ ደህና ነው።

የእሳቱ ነገር ርካሽ ነው። ፑንቲናው (የእሳቱን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው መነካኪያ) ከሞተሩ ውጭ፣ ትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል። ክፍተቱ 0.5 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.9 ሚሊሜትር ነው። ፑንቲናው መከፈት ያለበት ቮላኖው ላይ "ኤስ" የተጻፈበት ምልክት በመስኮቱ ሲታይ ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 20 ዲግሪ ቀድሞ ማለት ነው። እሳት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ጥቅል) ሳይሆን የፑንቲናው ፊት ላይ የተጋገረው ዝገት ነው። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ክፍት ከቀረ ግን ቦቢናውም ይቃጠላል።

ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ታጥቦም ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮህ ከሆነ የጋዙ (የፍጥነት መስጫው) ዘንግ ቀዳዳ ይመርመር። ዘንጉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ መርፌውን ምንም ያህል ቢያስተካክሉት አይረጋም። ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ነው። መርፌው ቀስ ተብሎ እስኪነካ ተዘግቶ ሁለት ዙር ያህል ይከፈታል፣ የቀረው ሞተሩ ሞቆ ሥራ ላይ እያለ ይስተካከላል። የአሜሪካ ቤንዚን ኢታኖል ስላለበት ከጎማ የተሠራው የድሮ የነዳጅ ቱቦ ይበላሻል፤ ሳያዩ መቀየር ይሻላል።

ቴስታታው ከወረደ ጠፍጣፋነቱ መስታወት ላይ በአሸዋ ወረቀት ይፈተሽ። ከ0.08 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ በመስታወቱ ላይ እየፈተጉ ማስተካከል፣ ካልሆነ መቀየር ነው። ከ10 ፈረስ ጉልበት ጀምሮ ባሉት ሞተሮች የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.43 እስከ 0.51 ሚሊሜትር ነው። የማስወጫው ክፍተት የሚበልጠው በጣም ስለሚሞቅና ስለሚረዝም ነው፤ የጠበበበት ሰው ቫልቮላ ያቃጥላል። አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገብቶ ቡሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል በደረጃ እስከ 34–41 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

ሆድ ዕቃው ከተከፈተ ቢዬላው (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይታይ። አሉሚኒየም ነው፣ ራሱ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ይዞራል፣ በመካከል ኩሽኔታ የለውም። ዘይት የሚረጨው ከሥሩ ያለች ማንኪያ መሳይ ጥርስ ናት። ዘይት ያነሰበት ወይም ቁልቁለት ላይ ረጅም ሰዓት የሠራ ሞተር ቢዬላውን የሚሰብረው በዚህ ነው። ኮሎው ከተጫረ ሬቲፊካ ቤት በ0.25 ሚሊሜትር ይላጣል፣ በዚያው ልክ ያነሰ ቢዬላ ይሸጣል። ብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ ንዝረት ለማብረድ የገቡ ሁለት የሚዛን ማርሾች አሉ። ሲሰበሩ የሞተሩን አካል ይበሱታል። እኔ አውጥቶ የመተው ወገን ነኝ፤ ንዝረቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

በ1960ዎቹ ሞዴሎች ሞተሪኖውና ዲናሞው አንድ ዕቃ ናቸው። ታጥቦ ሲመለስ ሞተሩ ይነሣል፣ ባትሪ ግን ላይሞላ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር ዲናሞውን ማስታወስ፣ ማለትም ማግኔቱን ወደ ቀድሞ አቅጣጫው መመለስ ነው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በሬጉሌተሩ ላይ የባትሪውንና የዲናሞውን መያዣዎች በሽቦ ለቅጽበት ነካ ማድረግ ይበቃል።

ለዝገት አሸዋ ከሚረጭ ማሽን በፊት የኤሌክትሪክ ገንዳ እመክራለሁ። በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀሩ አሉታዊ ጫፍ የዛገው ዕቃ ላይ፣ አዎንታዊው አንድ አሮጌ ብረት ላይ። አይዝጌ ብረት ፈጽሞ አይገባም፣ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። አሉሚኒየምም እዚህ ገንዳ ውስጥ ይበላል፤ ስለዚህ ካርቡሬተር አይገባም። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን።

ቀለሙ የመጨረሻ ነው፣ ቢጫና ነጭ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅም፤ በውሃ እየራሰ፣ ከማስክ ጋር። የድሮ ጓርኒሲዮንና የፍሪሲዮን ሽፋንም አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፣ በአየር ግፊት አይነፉ። ፋብሪካው የቀባው ቀለም ሰባ በመቶው እንኳ ከቀረ ታጥቦና ሰም ተቀብቶ እንዳለ ይተው፤ የሚያውቅ ገዢ ለእሱ የበለጠ ይከፍላል።

ሞተሩ ከታደሰ በኋላ ኤስኤኢ 30 የሚባል ውፍረት ያለው ዘይት ይገባል። የመጀመሪያው 5 ሰዓት ሲሞላ ይፈስሳል፣ ከዚያ በኋላ በየ25 ሰዓቱ። የመጀመሪያው ዘይት ሲወጣ በነጭ ሳህን ላይ ተቀብሎ ማግኔት ማዞር ያስፈልጋል። ጥቁር ደቃቅ ከተጣበቀ ፋሻው ሲሊንደሩን እየለመደ ነው። ማግኔት የማይነካው የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ከታች ከቀረ ግን አሉሚኒየሙ ቢዬላ እየተበላ ስለሆነ ሞተሩ እንደገና ሳይነሣ ሆዱ ይከፈት።