ከበሮው ምን አለ?

ባለፈው ሚያዝያ 23 ጎረቤቴን ይዣት ለንግሥ አራዳ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ናይጄሪያዊት ናት፤ ዮሩባ፣ ኦሾግቦ የተወለደች። ነጠላ አውሼያት ከሴቶቹ መሀል ቆምን። ታቦቱ ወጥቶ ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ ዓይኗን አልነቀለችም። መጀመሪያ ጸናጽሉና መቋሚያው ብቻ፣ ዝግ ብሎ። ከበሮው ገብቶ ወረቡ ሲሞቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ።

«ማን?»

«ከበሮው።»

ከበሮው ምንም አይልም፤ የሚሉት ሊቃውንቱ ናቸው፣ አልኳት። እንዴት ግራ እንደገባት!

ማታ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካለችው ቤቴ ቡና አፍልቼ ነገሩን አስረዳችኝ። ዮሩባ የቃና ቋንቋ ነው፤ ድምፅ ከፍ፣ መካከለኛና ዝቅ ይላል፣ ትርጉሙም አብሮ ይለወጣል። «ኦኮ» ያው አንድ ቃል ለእኔ ጆሮ፣ ለእሷ ግን እንደ ቃናው ባል ነው፣ ዶማ ነው፣ መኪና ነው፣ ጦር ነው። ዱንዱን የሚሉት ወገበ ቀጭን ከበሮ ብብት ስር ተይዞ ጠፍሩ ሲጨመቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከበሮ መቺው ያለ አንደበት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ «ኦሪኪ» ነው፤ የውዳሴ ስም። ሰው ኦሪኪ አለው፣ ዘር ኦሪኪ አለው፣ ኦሪሻ የሚሏቸው አማልክትም አላቸው።

እዚህ ላይ ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ከበሮው ኦሪሻውን በስሙ ይጠራል፤ የሚጨፍረው ሰው በእግሩ፣ በትከሻው ይመልሳል። ጸሎቱ እዚያ መሀል ነው ያለው። ሁሉም ኦሪሻ ደግሞ በአንድ ምት አይጠራም። የመብረቁ ሻንጎ ባታ በሚባለው፣ እንደኛ ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ በሆነው ከበሮ ነው የሚጠራው፤ ጭፈራውም እንደ ባለቤቱ ቁጡ ነው። ኦባታላ ኢግቢን በሚባለው ከበሮ ነው፤ ነጭ ለብሰው፣ እንደ ሽማግሌ በዝግታ። (ነጭ ስትለኝ ቀን አብረን የቆምንበት የነጠላ ባሕር ታወሰኝ።) በባርነት ተግዘው ኩባ የገቡት ዮሩባዎች ባታውን ዳግም ሠርተው ዛሬም ይመቱታል።

የጎረቤቴ አያት የኦሹን ተከታይ ነበሩ፤ የወንዟ ኦሪሻ። ኦሾግቦ ከተማ ዳር ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. የመዘገበው 75 ሄክታር ገደማ ደን አለ፤ ወንዙ በመሀሉ ያልፋል። በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ አንዲት ልጃገረድ የመሥዋዕቱን ቅል በራሷ ተሸክማ ወደዚያ ትወርዳለች፣ ከተማው በከበሮ ይከተላታል። አያቷ ጉልበታቸው እስኪዝል ወንዙ ዳር ይጨፍሩና ቤት ሲገቡ «ጸለይኩ» ይሉ ነበር።

«ለአምላክ ሲሆን ጭፈራውን ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኢጆ።»

«ሠርግ ላይስ?»

«ኢጆ።»

እኛ ግን ለያይተነዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽብሸባ ነው፣ የሠርጉ ጭፈራ፣ የዛሩ ጉሪ። ዳዊት በመዝሙር 150 «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ቢልም ዘፈን የሚለውን ቃል ከደጀ ሰላም ካስወጣነው ቆይቷል። ሽብሸባን ከጉሪ አንድ አድርጌ አላየሁም፤ ማተቤን አልፈታሁም። ግን ያን ማታ ስለ ጉሪ ሳስብ አደርኩ፤ ምክንያቱም ጎረቤቴ ኦሪሻ የወረደበትን ሰው «ኤሌጉን» እንደሚሉት ነግራኛለች። «ጉን» መጋለብ ነው፤ ፈረስ ለመጋለብም ያው ቃል ነው።

የዛር ፈረስ እንል የለ እኛስ?

አክስቴ፣ እታባ የምንላቸው፣ የዛር ፈረስ ነበሩ። አሁን በፈረሰው ዶሮ ማነቂያ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ እታባ አንገታቸውን እያዞሩ ሲያጓሩ እናቴ እየሮጠች መጥታ በሩን ትዘጋው ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ። ከጉሪው ሲመለሱ ፊታቸው ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ነው፤ ያን ፊት ሌላ ቦታ ያየሁት ከማኅሌት አድረው በሚወጡ አባቶች ላይ ብቻ ነው። እታባ ከሞቱ በኋላ በቤታችን ስለዚህ ነገር ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔም ጭምር። አሁን ይቆጨኛል።

ዛሩ ሲወርድ የሚፎክረው የራሱ ፉከራ ነበረው። ስሙ፣ አገሩ፣ ጀግንነቱ። ኦሪኪ ማለት እኮ ይሄው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ግን አንዲት ስንኝ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ የእታባ ዛር ፉከራው እንዴት ነበር?»

«ምን አስታወሰሽ ዛሬ?» አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኳት።

«ቆይ፣ በሩን ልዝጋ» አለች። ስትሄድ፣ ስትመለስ፣ ስትቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ በመዳፏ አንድ ነገር ቀስ አድርጋ መምታት ጀመረች፤ ጠረጴዛውን መሰለኝ።