የጦሳ አፈር በብሩሽ
ሰሞኑን ለሥዕል የውሃ ቀለም የምሠራው ራሴ ነኝ። ከደሴው የጦሳ ተራራ ግርጌ ያመጣሁትን ቀይ አፈር በውሃ በጠበጥኩት። ጠጠሩ ሲዘቅጥ ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ አደረቅኩት፤ እንደ በርበሬ ልም አለ። ከዚያ መስታወት ላይ በውሃ ከሟሟ የግራር ሙጫና ከጠብታ ማር ጋር ማሸት ነው። ሙጫው ቀለሙን ከወረቀቱ ያጣብቃል፤ ማሩ ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅ ይረዳል። የእርድ ቢጫም ያምራል፣ ግን ብርሃን ያደበዝዘዋል። አልመክርም።

አሁን የምለማመደው ማሳሳትን ነው፦ ወረቀቱን ዘንበል አድርጎ፣ በየመስመሩ ውሃ እየጨመሩ ቀለሙን ወደ ታች ማውረድ። ለደሴ ጉም ልክ ነው! ነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ጉሙ ያልተቀባው ወረቀት ራሱ ነው። እናቴ ግን «ማሬን የጨረስከው አፈር ለማሸት ነው እንዴ?» እያለች ነው።